በአዮ ግንባር ላይ የነበረው አመድ

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት። የበደለችኝም እናቷ በሞቱበት ዓመት፣ በመስቀል ዕለት ጠዋት ነው። ስሟን አልጽፍም። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ያለችውን ቤተ ክርስቲያናችንን የሚያውቅ ሰው ስሟን ሳይሰማ ማንን እንደማወራ ይገባዋል፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ ስሟ ምንም አያደርግለትም። ልጆቼ «አዳዳ» ይሏታል፣ የአባት እህት ማለት ነው። እኔም በልጆቹ አፍ አዳዳ እያልሁ፣ ሁልጊዜም «እርስዎ» እያልሁ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። እዚህ ግን እርስዎ አልላትም።

የእኔን ነገር ባጭሩ ልናገር። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ነጋዴ ነበር፤ ያደግሁት በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ውስጥ፣ በኦርቶዶክስ ቤት ነው። ያገባሁት ግን የዚሁ አገር ልጅ፣ የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅ የሆነ አስተማሪ ነው። አባቴ ሰርጌ ላይ አልተገኘም። እኔም ወደ ባሌ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፣ ትምህርቱን ተማርሁ፣ በሰው ፊት ቆሜ መሰከርሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን ሁሉ፣ እሑድ ከሄድሁበት የቀረሁበት ይቆጠራል። ያም ሆኖ ከኋላዬ «ጎጃሚቱ» መባሌ አልቀረም።

ባሌ ሲሞት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ቁልቁለቱ ላይ ባለው መካነ መቃብር ተቀበረ። በእኛ ዘንድ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ነው የሚቀበሩት፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በቀኙ በኩል ለእኔ የሚሆን ቦታ ተዉ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወርጄ ያንን ባዶ ቦታ አየው ነበር። ሣሩን እነቅልለት ነበር። በዕድሜዬ የተነፈግሁት ብዙ ነው፤ ሁሉንም ትቼዋለሁ። ያንን ቦታ ግን እፈልገው ነበር። ይህን የማያውቅ የቤተሰብ ሰው አልነበረም፤ እሷም ታውቅ ነበር።

እናታቸውን፣ ማለትም አማቴን፣ ሁላችንም «አዮ» ነበር የምንላቸው። ባሌ ከሞተ በኋላም ከእኔ ጋር ኖሩ፤ ግቢው የባሌና የእኔ ነው፣ ክፍላቸው ከበሩ ገባ ሲባል በስተግራ ያለችው ናት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከአልጋ አልተነሡም። የማገላብጣቸው እኔ ነኝ፤ ቂጣቸው እንዳይቆስል ቅባት የምቀባቸው፣ አንሶላቸውን የማጥበው እኔ ነኝ። ልጃቸው ረቡዕ ረቡዕ በባጃጅ ትመጣለች። የሴቶች ጸሎት ኅብረት መሪ ስለሆነች ሴቶቿን አስከትላ ትመጣና አልጋው ዙሪያ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይሄዳሉ። ዝማሬያቸው ጥሩ ነበር። የሽንት ጨርቁ ግን ከአልጋው ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ከዚያ መስቀል በፊት በነበረው ነሐሴ፣ መንገድ ተዘግቶ ከርሞ በተከፈተ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ወንጌላዊ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ በዓላት አስተማረ። ጉባ፣ ማለትም በእኛ አገር በመስቀል ዋዜማ በየደጁ የሚነደው እሳት፣ ወንጌል ከመምጣቱ በፊት የነበረ ባዕድ አምልኮ ነው አለ። ግንባር ላይ ቅቤ ማድረግ፣ ለበዓል ወለል ላይ ሣር መጎዝጎዝ፣ ለዘመን መለወጫ አበባ ማዞር፣ ሁሉም ሥሩ ከዚያው ነው አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ገናም ቢሆን ቀኑ የፀሐይ አምላኪዎች ቀን ነበረ ሲል፣ ከፊት የተቀመጡት የመዘምራን ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። ለገና ነጭ ልብሳቸውን አሰፍተው ነበር።

ወንጌላዊው ከሄደ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ወሰኑ። ከእንግዲህ በምእመን ግቢ ጉባ አይነድም፣ ሣር አይጎዘጎዝም፣ የሌላውንም እሳት ሄዶ ማየት አይፈቀድም። ስለ ገና ግን «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» ተባለ። ከመድረኩ አጠገብ ጥጥ ተጣብቆበት፣ ቀይና አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት የገና ዛፍ በየዓመቱ ይቆማል። ጥናቱ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ወንጌላዊው ዋሸ አልልም። ጉባ ከወንጌል በፊት ነበረ፤ ይህን ከአዮ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አዮ በወጣትነታቸው ጌታን ሲቀበሉ፣ ከእናታቸው የወረሱትን ጨሌ፣ ለአቴቴ ሥርዓት የሚታሰረውን ዶቃ፣ በዚሁ ግቢ ውስጥ በእጃቸው እሳት ላይ ጥለውታል። ሲጥሉት ማንም አልገፋፋቸውም። የሚጣለውንና የማይጣለውን ለይተው ያውቁ ነበር። ጨሌውን ጣሉ፤ ጉባን ግን አልጣሉም። ባላቸው ራሳቸው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆነው በየዓመቱ ችቦውን የሚለኩሱት እሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ማንም ባዕድ አምልኮ አላለውም። አንድ ነገር ያን ሁሉ ዘመን ንጹሕ ሆኖ ኖሮ በአንድ ሳምንት ስብከት እንዴት እንደሚረክስ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። ምናልባት ከመጀመሪያውም ንጹሕ አልነበረም። እሱንም ቢሆን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

በመስቀል ዋዜማ ጀንበር ስታዘቀዝቅ የጎረቤት ጭስ በአዮ መስኮት ገባ። እግራቸውን እያሸሁላቸው ነበር።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ አማርኛ ሲናገሩም እንዲህ ብለው ነው የሚጀምሩት። «ዛሬ ጉባ አይደለም?»

«ነው፣ አዮ።»

«ታዲያ የኛ እሳት የታለ?»

«ዘንድሮ ተከልክሏል። ሽማግሌዎቹ ከለከሉ።»

«የትኞቹ ሽማግሌዎች?»

ማን ማን እንደሆኑ ነገርኋቸው። ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው፤ ቀና አድርጌ ያዝኋቸው።

«ቂጣቸውን የጠረግሁላቸው ልጆች!» አሉ ሳሉ ሲለቃቸው። «እነሱ ናቸው እሳት የሚከለክሉኝ? ክረምቱን ተሻግሬያለሁ፣ ኢንታላ ኮ። ብርሃኑን ሳላይ አልተኛም።»

«አዳዳ ከሰሙ ይቆጣሉ።»

«እኔ ነኝ የወለድኋት ወይስ እሷ ናት የወለደችኝ?»

እንቢ ማለት እችል ነበር። በሩን ዘግቼ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ ማስተኛት እችል ነበር። ግን ወጣሁ። ከአሮጌው አጥር ደረቅ እንጨት ሰብሬ አንድ እጅ የማይሞላ ችቦ አሰርሁ፤ ደጃፍ ላይ ለኮስሁት፤ እሳቸው እንደሚያደርጉት ቤቱን አዞርሁት፤ ከዚያ በመስኮቱ በኩል አሳየኋቸው። እጃቸውን ዘረጉ። ሌላውን እጄን ያዙና መረቁ። ምርቃቱ በኦሮምኛ ነው። ዋቃን፣ አምላክን፣ ከጨለማው ስላወጣቸው አመሰገኑት፤ ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ ዓመቱን አሻግርልኝ አሉ። መጀመሪያ የጠሩት እሷን ነው፤ ትልቋን ልጃቸውን። ከዚያ የሞተውን ባሌን ጠሩት፣ በሕይወት እንዳለ ሰው። ከዚያ እኔን።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ አመዱን አምጪልኝ አሉ። በጣታቸው ነክተው ግንባሬን ቀቡኝ። «አንቺም ለእኔ» አሉ። ቀባኋቸው። ያን ጊዜ ነው ያላሰብሁትን ያደረግሁት። እጄ በራሱ ጊዜ መስቀል ሠራ። አባቴ በልጅነቴ ከደመራው አመድ ወስዶ ግንባሬ ላይ እንዲህ ያደርግልኝ ነበር፤ ዘመኔን ሁሉ ረስቼው የነበረ ነገር ነው። አዮ አላዩትም። አይተውትም ቢሆን ምንም አይሉም ነበር። እኔ ፊቴን ታጠብሁ። እሳቸው ፈገግ እንዳሉ ስለተኙ ግንባራቸውን ለመጥረግ አልቀሰቀስኋቸውም።

በነጋታው ጠዋት፣ ረቡዕ ሳይሆን፣ እሷ መጣች። ከሴቶቿ አንዷን አስከትላ ነበር። «አካም ቡልተ፣ አዮ» ብላ፣ እንዴት አደሩ ለማለት፣ ገባች፤ ከዚያ ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አመድ ነው» አልሁ።

«አመድ መሆኑን ዓይኔ ያያል። ማን ነው ያደረገው?»

«እኔ ነኝ። አዮ ጉባ ካላየሁ አልተኛም አሉኝ።»

«እናቴ የምትናገረውን ታውቃለች? ከሞተ ስንት ዘመኑ የሆነውን አባቴን ምሳ ስጡት የምትል ሰው ናት! አንቺ ግን ታውቂያለሽ።» ወደ አልጋው ጠጋ ብላ አየች። ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። «ነይ እይልኝ። የኛን የድሮ ጣዖትና የአባቷን መስቀል አንድ ግንባር ላይ አድርጋልኛለች። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ! ለነገሩ ባለሙያ ናት።»

ጓደኛዋ ሳቀች። እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርጥባ የእናቷን ግንባር ፈተገችው። አዮ ነቁ። «ተዪኝ፣ ያመኛል» አሉ። አልተወችም፤ ቆዳው እስኪቀላ ፈተገችው። ክንዷን ያዝሁ። «አዳዳ፣ ይተዉአቸው፣ እኔ በሞቀ ውኃ አጥባቸዋለሁ» አልሁ።

«አንቺ ያጠብሽው ይብቃን» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ አስጠሩኝ። በቢሯቸው ከጠረጴዛው ወዲያ አራት ሆነው ተቀምጠዋል፤ እሷ ወንበር ተሰጥቷታል፣ እኔ አግዳሚው ላይ ነኝ። እሷ በመጀመሪያ ተናገረች። ቆንጆ አድርጋ ነው የተናገረችው። እናቴ ጌታን ታውቃለች፣ ሕሊናዋ ግን ደክሟል፤ ይህን ያመጣባት ምራቷ ናት፤ ምራቷ ከአባቷ ቤት የያዘችውን ነገር አንድም ቀን ጥላው አታውቅም፤ ወንድሜ በሕይወት ሳለም ስለዚህ ነገር ያለቅስ ነበር አለች። ባሌ አልቅሶ አያውቅም።

ሰብሳቢው፣ አዮ በልጅነቱ አዝለውት ያደገ ሰው፣ «በእሳቱ ፊት የተጠራው ማን ነው?» አለኝ።

«ዋቃ ነው የተጠራው። እዚህ እሑድ እሑድ የምንጠራው።»

«የትኛው ዋቃ?»

«ስንት አላችሁ?» አልሁት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሰብሳቢው አልሳቀም።

«ጥያቄ በጥያቄ አትመልሺ፣ እህቴ። ሥሩ ባዕድ የሆነ በዓል በክርስቲያን ግቢ አይከበርም ተብሎ ተወስኗል። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። የገናው ዛፍስ ሥሩ የት ነው?»

«እሱን ሚስዮናውያኑ ናቸው ያመጡት።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁት። ለእነሱስ ማን አመጣላቸው?»

«አያችሁ?» አለች እሷ፣ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ። «አያችሁ፣ ይሄ ነው የኖርነው ኑሮ።»

ውሳኔያቸው ይህ ነበር። ከቁርባን ታግጃለሁ። በጉባኤው ፊት ቆሜ ለጣዖት እሳት አንድጃለሁ፣ የታመሙ ሴትዮም አሳስቻለሁ ብዬ ንስሐ እስክገባ ድረስ ከምእመናን አልቆጠርም። ሌላ ነገር አልጠየቅኋቸውም። የጠየቅሁት «የመቃብር ቦታዬስ?» ብዬ ነው። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። «መቃብሩ የምእመናን ነው» አለ። እሷ በዚያን ሰዓት የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍትና ትዘጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ሚስት ብቻዋን ቤቴ መጣች። ደግ ሴት ናት። «እባክሽ፣ ካፍሽ ብቻ አውጪውና ይለቅ» አለችኝ። «ማንም ልብሽን አይጠይቅሽም። አንዴ ተናግረሽ ቁጭ ትያለሽ፣ ቦታሽም ቦታሽ ይሆናል።» አሰብሁበት። አላሰብሁበትም ብል ውሸት ነው። ብዙ ቀን ልናገር ተነሥቼ ቀሚሴን ለብሻለሁ። ነገር ግን የታመሙ ሴትዮ አሳሳትሁ ማለት አዮ የመረቁት ምርቃት ሁሉ የዕብድ ልፍለፋ ነው ማለት ነው። እኔ እዚያ ነበርሁ። የልጆቻቸውን ስም አንድም አልሳቱም። ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ እሱንም አልደብቅም። እሷ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን እየነቀነቀች፣ እኔ ቆሜ ስናገር ስትሰማ ማየት አልፈለግሁም። የትኛው እንደሚበልጥ መዝኜው አላውቅም።

አዮ በኅዳር ሞቱ። ከንጋት ጀምሮ አፋቸውን በጨርቅ እያረጠብሁላቸው ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ትንፋሻቸው ቆመ። ከጎረቤት ሴቶች ጋር አጥበን ገነዝናቸው። እሷ ስትደርስ ሬሳው ተስተካክሎ ተኝቷል። ወድቃ ጮኸች፤ ልብሷን ቀደደች። ልቅሶዋ ሐሰት አልነበረም። እንዲያውም ያ ነው የሚያናድደኝ።

በቀብሩ ጠዋት፣ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር ለማየት ወደ መካነ መቃብሩ ወረድሁ። ቆፋሪዎቹ ከባሌ በቀኝ በኩል ነበሩ። ሣሩን ከሥሩ ገፈውት አፈሩን በባሌ መቃብር ላይ ይከምራሉ። ሰብሳቢውና እሷ ቆመው ያያሉ።

«ይህ ቦታ የእኔ ነው» አልሁ።

«እናት ከልጇ ጎን ብትተኛ ምን ነውር አለው?» አለችኝ። ድምፅዋ ከልቅሶው የተነሣ ሰልሏል። «ልጇ እኮ ነው። ወይስ ለእናቴም ትሰስቻለሽ?»

አስባበት ነው ያደረገችው። ይህን የሚቃወም ሰው በአገሩ ፊት ምን እንደሚባል ታውቃለች። ወደ ሰብሳቢው ዞርሁ። ወደ ጫማው እያየ ተናገረኝ።

«እህቴ፣ እስካሁን ጠበቅንሽ። ዛሬም ሬሳው ሲመጣ በሰው ፊት ብትናገሪ ሌላ ቦታ እናስቆፍራለን። ገና ጉልበት ድረስ ነው የደረሱት።»

ጉድጓዱን አየሁ። እውነቱን ነው፣ ገና ጉልበት ድረስ ነበር። ሬሳው ሲመጣ በሰው ፊት ማለት አዮ ሳጥን ውስጥ ተኝተው፣ እኔ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሜ ስለ እሳቸው መናገር ማለት ነው። ቆፋሪዎቹ ነገሩ ስላልገባቸው ሥራቸውን አቆሙ። አንደኛው ዶማውን ተደግፎ በኦሮምኛ «እንቆፍር ወይስ እንተው?» አለ። ጥያቄውን ለማን እንዳቀረበ አላውቅም። እሷም ሰብሳቢውም እኔን ያዩኛል።

«ቆፍሩ» አልሁት።

ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው። ሬሳው ፊት የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። የተወለዱበት፣ ጌታን የተቀበሉበት፣ ጨሌያቸውን ያቃጠሉበት ሁሉ ተነበበ። «በመጨረሻው ዘመናቸውም በሴት ልጃቸው እንክብካቤ በሰላም ኖረው» ሲባል ከኋላ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። አጠገቤ የነበሩት የጎረቤት ሴት በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና «ሴት ልጃቸው ማለት አንቺን ነው?» አሉኝ። አፈሩ ሲመለስ ወንዶቹ በአካፋ ሁለቱን መቃብር አንድ አድርገው ደለደሉት። የባሌ የት እንደሚያልቅ፣ የእናቱ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። በሌላ ጊዜ ሆኖ፣ ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ፣ ደስ የሚል ነገር ነበር።

ከልቅሶው በኋላ እሷ ሁለት ሽማግሌ ላከችብኝ። የእናቴን ክፍል ለሴቶች ጸሎት ኅብረት ስጪን፣ ረቡዕ ረቡዕ መታሰቢያዋ ይሁን አለች። እንቢ አልሁ። ክፍሉን ለአንድ የባጃጅ ነጂ አከራየሁት። ሴቶቿን ይዛ መጥታ ከበር ውጭ ዘመረች፤ እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፣ አልከፈትሁም። ለገና ዛፉ እንደ ወትሮው እንደቆመ፣ ዘንድሮ ደግሞ ከጫፉ ላይ ኮከብ እንደተጨመረበት ጎረቤቴ ነገረችኝ። አልሄድሁም።

በጥር ወደ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ካህኑ ሽማግሌ ናቸው። «ያን ጊዜ ከእኛ የወጣሽው አምነሽበት ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልሁ። «አሁንስ የምትመለሺው አምነሽ ነው?» አሉኝ። «የምቀበርበት አጥቼ ነው» አልሁ። የምጠመቅበትን ቀን ቆረጡልኝ።

ወጥተው ለሚመለሱ የሚደረገውን የቄደር ጥምቀት ተጠመቅሁ። በዚያ ግቢ የማውቀው የተቀበረ ሰው የለኝም፤ አባቴና እናቴ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነው የሞቱት። ለልጆቼ የምቀበርበትን ነገርኋቸው፤ አንደኛው ስልኩን ዘጋብኝ። የባሌ እህት ገበያ ላይ ስታገኘኝ «አካም ጅርታ»፣ እንዴት ነሽ፣ ትለኛለች። አልመልስላትም።